በፊርማ ብቻ ሥዕል አይገዛም

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ፒያሳ የሚሠሩ አንድ ሰው በደላላ በኩል ሁለት ዕቃ ቀርቦላቸዋል። አንደኛው በሸራ ላይ የተሠራ የዘይት ቀለም ሥዕል ነው፤ ከታች በቀኝ ጥግ «ገብረ ክርስቶስ ደስታ 1975» የሚል ፊርማ አለው፣ ፎቶኮፒ የሆነ «የማረጋገጫ ምስክር ወረቀት» አብሮት አለ፣ ዋጋው 900 ሺህ ብር ተብሏል። ሁለተኛው «ከገዳም የወጣ፣ የ15ኛው ክፍለ ዘመን» የተባለ፣ በእንጨት ላይ የተሣለ የእመቤታችን ሥዕል ነው። ደላላው እስከ ዓርብ 50 ሺህ ብር ቀብድ ካልተከፈለው ዕቃዎቹን ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ ነግሯቸዋል። ጠያቂው እውነተኛውን ከሐሰተኛው እንዴት እንደሚለዩ፣ ከገዙም ዋሽንግተን ላለችው እህታቸው እንዴት እንደሚልኩ ማወቅ ይፈልጋሉ።

አስቸኳዩን ላስቀድም፦ ቀብዱን አይክፈሉ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን መሠረት፣ በውሉ ሌላ ነገር ካልተጻፈ በቀር፣ ቀብድ ሰጥቶ ሐሳቡን የቀየረ ሰው ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ካፈረሰ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ዓርብ ከፍለው ሰኞ ሥዕሉ ሐሰተኛ መሆኑን ቢጠረጥሩ ያ 50 ሺህ ብር የደላላው ነው። ጥርጣሬ ብቻውን ቀብድ አያስመልስም። የግድ የሚከፍሉ ከሆነ «ገዢው ሥዕሉን በባለሙያ አስመርምሮ በ15 ቀን ውስጥ ካልተስማማ ቀብዱ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል» የሚል ዓረፍተ ነገር በጽሑፍ ይኑር፤ ፈራሚው ደግሞ ደላላው ሳይሆን ባለቤቱ ይሁን። ሁለተኛውን ዕቃ ግን እውነተኛም ይሁን ሐሰተኛ አይግዙት። ምክንያቱን ከታች አስረዳለሁ።

አሁን ወደ ሸራው ሥዕል። ቀኑ «1975» ብቻ እንጂ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. አይልም። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ገብረ ክርስቶስ ደስታ በ1932 እ.ኤ.አ. ሐረር ተወልደው፣ ኮሎኝ ጀርመን ተምረው፣ አዲስ አበባ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተምረው፣ በመጨረሻም በስደት አሜሪካ በ1981 እ.ኤ.አ. አርፈዋል። 1975 ዓ.ም. የሚጀምረው በመስከረም 1982 እ.ኤ.አ. ነው። ሻጩ «በኛ አቆጣጠር ነው» ካለዎት ሠዓሊው በዚያን ጊዜ በሕይወት አልነበሩም፤ ነገሩ እዚያው አለቀ። «በፈረንጅ ነው» ካለ ግን ይቻላል፣ ያን ጊዜ ገና አገር ቤት ነበሩ። ስለዚህ ሻጩን መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህን ነው፤ መልሱን ሳይጠቁሙት ይጠይቁትና ጻፉት። በኋላ ታሪኩ ሲቀየር ያዩታል። ለማንኛውም ሟች ሠዓሊ ሥራ ይህንኑ ያድርጉ፦ የልደቱን፣ የትምህርቱን፣ የስደቱንና የሞቱን ዓመት በሁለቱም አቆጣጠር ጽፈው ከሥዕሉ ቀን ጎን ያስቀምጡ። የ7 እና የ8 ዓመቱ ልዩነት ብዙ አስመሳይ አዋጥቶት ብዙውንም አጋልጦታል።

ቀጥሎ ስለ ምርመራ አንድ ነገር መረዳት አለብዎት፤ ይህ ካልገባዎት የቀረው ሁሉ ያሳስትዎታል። ዕቃውን መመርመር «አይደለም» ሊያሰኝ ይችላል፣ «የእርሳቸው ነው» ግን አያሰኝም። ጀርመናዊው አስመሳይ ቮልፍጋንግ ቤልትራኪ የተጋለጠው በ1914 ተሠራ ባለው ሥዕል ውስጥ ያን ጊዜ ለሠዓሊዎች ያልቀረበ ቲታኒየም ነጭ የሚባል ቀለም ስለተገኘበት ነው፤ በ2011 እ.ኤ.አ. ተፈርዶበታል። ለእኛ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ግን ይህ መንገድ ጠባብ ነው። በ1960ዎቹና በ70ዎቹ እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የነበረ ሠዓሊ የተጠቀመበት ቲታኒየም ነጭ፣ ፍታሎ ሰማያዊና አክሪሊክ ዛሬም ሱቅ ሄደው የሚገዙት ነው። ቤተ ሙከራ ሊይዘው የሚችለው ከዚያ በኋላ የመጣውን ብቻ ነው፤ ለምሳሌ ፒሮል የሚባሉት ደማቅ ቀይ ቀለሞች ገበያ የወጡት በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ስለሆነ በ«1975» ሥዕል ውስጥ ከተገኙ፣ በኋላ የተጨመረ ጥገና ካልሆነ በቀር፣ ሥዕሉ ውድቅ ነው። ካልተገኙ ግን ምንም አልተረጋገጠም። ስለዚህ «በላብራቶሪ ተረጋግጧል» የሚል ሻጭ ሲገጥምዎ ማን መረመረው፣ ምን ተገኘ፣ ከየትኛው የሥዕሉ ክፍል ናሙና ተወሰደ ብለው ይጠይቁ። ወረቀቱ «ዕድሜው ይስማማል» ካለ የሠዓሊውን ስም አላረጋገጠም።

እንግዲህ ሥዕሉን ሲያዩ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ በቢጫ መብራት አይዩት። በቀን፣ በመስኮት አጠገብ፣ ከፍሬሙ ወጥቶ ይዩት። ፍሬሙን ለማውጣት የማይፈቅድ ሻጭ የሚደብቀው ነገር አለ ብለው ይያዙ፤ በተለይ ጀርባው በወረቀት ወይም በቀጭን ጣውላ ታሽጎ ከሆነ። ይዘው የሚሄዱት ዕቃ ጥቂት ነው፦ የወርቅ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት 10 ጊዜ የሚያጎላ መነጽር፣ የስልክዎ ባትሪ መብራት፣ ሜትር፣ እና የብር ኖት የሚፈተሽበት ሐምራዊ መብራት። መብራቱን ሲገዙ 365 ናኖሜትር የሚለውን ይምረጡ፤ ርካሾቹ 395 ስለሆኑ ራሳቸው ብዙ ሐምራዊ ብርሃን ይረጫሉ፣ የሚፈልጉትን ፍካት ይሸፍኑታል።

ከሁሉ በፊት በማጉያው ፊቱን ይዩ። ከተማችን ውስጥ በሸራ ላይ የሚያትሙ ማተሚያ ቤቶች ስለበዙ፣ በጣም የተለመደው ማጭበርበር የእጅ ሥራ እንኳ አይደለም፤ ፎቶው በሸራ ታትሞ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ጄል በብሩሽ ተቀብቶበት ነው። በማጉያ ሲታይ ቀለሙ በትናንሽ ነጠብጣቦች ይበታተናል፣ የብሩሹ መስመር ደግሞ ከሥዕሉ ቅርጽ ጋር አይገጥምም፤ ጄሉ ወደ ቀኝ ሄዶ ከሥሩ ያለው የፊት ጥላ ወደ ግራ ይሄዳል። በሸራው ጠርዝ ላይ፣ ሸራው ወደ እንጨቱ በሚታጠፍበት ቦታ፣ የሕትመቱ ቀለም ነጭ ሆኖ ይሰነጠቃል። ይህን ለማየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

የስልኩን ባትሪ ከጎን፣ ከሸራው ጋር ተኝቶ እስኪቃረብ ዝቅ አድርገው ያብሩ። ክፍሉ ጨለም ይበል። ያን ጊዜ የቀለሙ ኮረብታና ሸለቆ ይታያል። ከላይ ካለው ሥዕል ጋር የማይገናኝ የብሩሽ መስመር፣ ለምሳሌ ከአብስትራክት ሥዕል ሥር የሰው ትከሻ ቅርጽ ከታየ፣ አሮጌ ሥዕል ላይ ሌላ ተደርቦበታል። ሠዓሊዎች ራሳቸው ሸራ ሲቸግራቸው ይህን ስለሚያደርጉ ብቻውን ጥፋት አይደለም፤ ነገር ግን አስመሳዮችም አሮጌ ሸራ ፈልገው የሚገዙት ለዚሁ ነው። ስንጥቁንም ይመልከቱ። በዕድሜ የመጣ ስንጥቅ ከቀለሙ ሥር ካለው መደብ ጀምሮ ይወጣል፣ እየተገናኘ መረብ ይሠራል፣ ቀለሙ ሲለዋወጥ ጥልቀቱ ይለያያል። ሸራውን ጠቅልሎ በመጨቆን የተሠራ ስንጥቅ ግን በአንድ አቅጣጫ ትይዩ ሆኖ ይሄዳል፣ ምድጃ ውስጥ የገባም ሁሉም ቦታ እኩል ይሆናል። ቀጭን ቀለም የተቀባ የ50 ዓመት ሥዕል ጨርሶ ላይሰነጠቅ ስለሚችል የስንጥቅ አለመኖር አያስደንግጥዎት።

ጀርባው ግን ከፊቱ የበለጠ ይናገራል፤ እኔ በበኩሌ ከሁሉ በላይ የማምነው እሱን ነው። ሸራው ለአሥርተ ዓመታት ከተወጠረ ከእንጨቱ ጀርባ የተሸፈነው ጨርቅ ፈካ ያለ፣ ለአየር የተጋለጠው ደግሞ ጠቆር ያለ ይሆናል። በሻይ ወይም በቡና ቀለም ያረጀ ጨርቅ ግን ቀለሙ ከእንጨቱ ሥርም ይገባል፣ ፈሳሹ የደረቀበት ቦታ ላይ ቡናማ የጠርዝ መስመር ይተዋል። ሚስማሮቹን አንድ በአንድ ይዩ። ለ50 ዓመት እርጥበትና ክረምት ያሳለፈ ሚስማር ዝገቱን ዙሪያውን ባለው ጨርቅ ላይ አትሟል። ሚስማሩ ዝጎ ጨርቁ ንጹህ ከሆነ ሌላ ቦታ ዝጎ የመጣ ሚስማር ነው። በሌላ በኩል በጠመንጃ መሰል መምቻ የተመታ የስቴፕል ሽቦ ቢያዩ አይጣሉት፤ ሥዕሉ በቅርብ እንደገና ተወጥሮ ይሆናል። ነገር ግን ከስቴፕሉ አጠገብ የድሮ የሚስማር ቀዳዳ ይፈልጉ፤ አንድም ከሌለ ሸራው ከዚያ በፊት ተወጥሮ አያውቅም ማለት ነው። ሥዕሉ በጣውላ ላይ ከሆነ ጠርዙን ይዩ፦ ኤም ዲ ኤፍ የሚባለው የደቀቀ እንጨት ሰሌዳ በዓለም ገበያ የተስፋፋው ከ1970ዎቹ በኋላ ስለሆነ የ1950ዎቹና የ60ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው ከሚባል ሥዕል ጋር አይሄድም።

ሐምራዊው መብራት ለሁለት ነገር ይጠቅማል። አንደኛ፣ በቅርቡ የተጨመረ ቀለም በአሮጌ ቫርኒሽ ላይ እንደ ጥቁር ደሴት ይታያል፤ የተፈጥሮ ሙጫ ቫርኒሽ ሲያረጅ አረንጓዴ ቢጫ ፍካት ይሰጣል። ሁለተኛ፣ ጨርቅና ወረቀት ማንጫ ኬሚካል ካለበት በሰማያዊ ነጭ ያበራል፤ ይህ ኬሚካል ከ1950 ገደማ እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው የተስፋፋው። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፦ ብዙ ነባር ሥዕል በአቡጀዲ ላይ ተሠርቷል፣ አቡጀዲው ደግሞ በኦሞ ታጥቦ ከሆነ ያበራል። ስለዚህ ጨርቁ ስላበራ ብቻ አይፍረዱበት። የማስረጃ ወረቀቱ ግን «በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. የተጻፈ ደብዳቤ» ተብሎ ቢያበራ እዚያው ጨርሰዋል። ጥጥ በአልኮል ነክሮ ቀለሙን ማሸት ግን ክልክል ነው፤ ሐሰተኛም ቢሆን የሰው ንብረት ነው፣ እውነተኛ ከሆነ ደግሞ ለዘለዓለም ያበላሹታል።

አሁን ፊርማው። ሆን ብዬ ነው ወደ መጨረሻ ያመጣሁት፤ በሥዕል ላይ ለመኮረጅ ከሁሉ ቀላሉ እሱ ነው። የአብዛኛው ችግር ሙሉ ሐሰተኛ ሥዕል አይደለም። የሥነ ጥበብ ተማሪ የመምህሩን ሥራ ለልምምድ ገልብጦ ይሥላል፣ ቤቱ ያስቀምጠዋል፣ ከ30 ዓመት በኋላ ሌላ ሰው እጅ ገብቶ ጥጉ ላይ ስም ይጨመርበታል። ሥዕሉ አሮጌ ነው፣ ሸራው አሮጌ ነው፣ ሚስማሩ ትክክለኛ ነው፣ ስሙ ብቻ አዲስ ነው። ስለዚህ በማጉያው የፊርማውን ቀለም ይከታተሉ። ሠዓሊው ሥራውን ጨርሶ ወዲያው ከፈረመ ፊርማው ከሥሩ ካለው ለስላሳ ቀለም ጋር በጥቂቱ ተቀላቅሏል፣ ስንጥቅ ካለም ፊርማውን ሰንጥቆ ያልፋል። በኋላ የተጨመረ ከሆነ የፊርማው ቀለም ስንጥቁ ውስጥ ፈስሶ ሞልቶታል፣ ወይም ከቫርኒሹ በላይ ተቀምጧል። ቀጥሎ ፊደሉን ይዩ። አንድ ሠዓሊ ስሙን በሀ ይሁን በሐ፣ በሰ ይሁን በሠ ይጽፍ እንደነበር አይለዋውጥም፤ ሥዕሉ ላይ የተጻፈው ከተረጋገጡ ሥራዎች ጋር ይገጥማል ወይ? ኒውዮርክ ውስጥ ኖድለር የተባለው አንጋፋ ጋለሪ በ2011 እ.ኤ.አ. የተዘጋው የሐሰት ሥዕሎች ቅሌት በፈነዳበት ጊዜ ሲሆን፣ ከሐሰተኞቹ መካከል የታዋቂው አሜሪካዊ ሠዓሊ የጃክሰን ፖሎክ ስም በተሳሳተ ፊደል የተጻፈበት ሥዕል ነበር። ሰው መግዛት ሲፈልግ ዓይኑ የሚያየውን አያምንም።

ማነጻጸሪያ ማግኘት ከባድ አይደለም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል፣ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ ሥራዎቻቸውን በዓይንዎ ይዩ። ሄደው ዝም ብለው አይቁሙ፦ ቀለሙ ምን ያህል ወፍራም ነው፣ ብሩሹ ወዴት ይሄዳል፣ ጠርዙ ላይ ቀለሙ እንዴት ያበቃል፣ ፊርማው ከጥጉ ስንት ጣት ይርቃል? ከዚያ የእርስዎን ፎቶ ያወዳድሩ። አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየምም በዘመናዊ ሠዓሊዎች ክፍሉ ይረዳዎታል።

እዚህ ድረስ ያልኩት ሁሉ ሥዕሉን ካልጣለው ወደ ዋናው ጉዳይ ይደርሳሉ፤ ሥዕሉ ከሠዓሊው እጅ ወጥቶ እስከ ዛሬው ሻጭ በማን በማን እጅ አለፈ? የሐሰተኛ ሥዕል ገበያ የሚኖረው በዚህ ጥያቄ ዝምታ ላይ ነው። የኖድለር ሥዕሎች «ስሙ እንዲጠራ የማይፈልግ ሰብሳቢ» የሚል ታሪክ ነበራቸው፤ የእኛ ከተማ ታሪክም ይታወቃል፦ «ባለቤቱ የጃንሆይ ዘመን ትልቅ ሰው ነበሩ፣ ልጆቹ ውጭ ናቸው፣ ስማቸው እንዲነሳ አይፈልጉም።» እውነት ሊሆን ይችላል። ግን እውነት ከሆነ ልጆቹ ቢያንስ የውክልና ወረቀት፣ ሥዕሉ ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ሲሰቀል የተነሳ የቤተሰብ ፎቶ፣ ወይም የወራሽነት ማረጋገጫ ያመጣሉ። ፎቶውንም ይመርምሩ፤ ቤልትራኪ ሚስቱን እንደ አያቷ አልብሶ፣ ከጀርባዋ ሐሰተኛ ሥዕሎቹን ሰቅሎ አሮጌ የመሰለ ፎቶግራፍ አንስቷል።

ወረቀቶቹን ሲያረጋግጡ የሚከተሉት አንድ ሕግ አለ። ወረቀቱ ላይ ባለው ስልክ አይደውሉ፤ የድርጅቱን ስልክ ራስዎ ፈልገው ይደውሉ። «የማረጋገጫ ምስክር ወረቀት» ዋጋ ያለው የፈረመው ማን እንደሆነ ሲታወቅ ብቻ ነው፦ ሠዓሊው ራሱ፣ የሠዓሊው ቤተሰብ፣ ወይም ስለዚያ ሠዓሊ ያጠና የሚታወቅ ባለሙያ። ወረቀቱ ከሥዕሉ ጋር የሚገናኝበት ነገር ይኑር፤ ርዕስ፣ ዓመት፣ መጠን በሴንቲሜትር፣ የቀለሙ ዓይነት፣ የተለጠፈ ፎቶ። ሜትርዎን ያውጡና ይለኩ። ወረቀቱ 80 በ100 ብሎ ሸራው 76 በ95 ከሆነ ወረቀቱ የሌላ ሥዕል ነው ወይም ሸራው ተቆርጧል፤ ሁለቱም መልስ ይፈልጋሉ። የድሮ ኤግዚቢሽን መዘርዝር ይጠይቁ፤ በስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት፣ ጎተ ኢንስቲትዩትና አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ ለመጠየቅ የሚገባቸው ቦታዎች ናቸው። ፒያሳ ውስጥ በ2016 ዓ.ም. ብዙ ቤቶች ከፈረሱ ወዲህ ደግሞ አዲስ ምክንያት ተጨምሯል፦ «ደረሰኙ ፈርሶ ከሄደው ሱቅ ነው።» ያ ሱቅ እንደነበረ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ማንም ሊያረጋግጠው የማይችል ደረሰኝ ማስረጃ ሳይሆን ወረቀት ነው። የቀድሞውን ባለሱቅ አግኙትና ይጠይቁት፤ ካልተገኘ ወረቀቱን እንደሌለ ቁጠሩት።

ይህን ሁሉ አልፎ ሥዕሉ ከቆመ ወደ ውሉ እንሂድ። ሻጩ ባለቤቱ ይሁን፣ መታወቂያው ይታይ፣ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛውም ይፈርም። ወራሾች ብዙ ከሆኑ አንዱ ብቻ ፈርሞ አይሸጥም። ውሉ ላይ ያለው ቃል ሁሉንም ነገር ይወስናል። «የገብረ ክርስቶስ ደስታ ሥራ ነው» እና «የገብረ ክርስቶስ ደስታ ነው ተብሎ የሚገመት» የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። «በእርሳቸው ስልት»፣ «የእርሳቸው ተከታይ»፣ «በእርሳቸው ሥራ ላይ ተመሥርቶ» የሚሉት ሁሉ በጨረታ ቤቶች ልማድ «የእርሳቸው አይደለም» ማለት ናቸው፤ «ፊርማ ይታይበታል» የሚለው አባባል እንኳ ፊርማው የሠዓሊው እጅ አይደለም ብለው እንደሚያምኑ ያሳያል። ስለዚህ ውሉ ሙሉ ስሙን፣ ርዕሱን፣ መጠኑን፣ ዓመቱን ይጥቀስ፤ ሻጩ የሠዓሊውን ማንነት እንደሚያረጋግጥ፣ ሐሰተኛ ሆኖ ከተገኘ ሙሉ ዋጋውን እንደሚመልስ ይጻፍ። ሕጉ በመሠረታዊ ስሕተትና በማታለል የተገባ ውል እንዲፈርስ ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ለመጠየቅ የጊዜ ገደብ አለው፣ ስለዚህ ጥርጣሬ እንደተነሳ ጠበቃ ያማክሩ፣ ሥዕሉን ግድግዳ ላይ ሰቅለው አይጠብቁ።

ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱበት አንድ ነገር አለ። ውሉ በሰነዶች ማረጋገጫ መሥሪያ ቤት ማኅተም አርፎበታል ማለት ሥዕሉ ተረጋገጠ ማለት አይደለም፤ የተረጋገጠው የፈራሚዎቹ ማንነትና ፊርማ ነው። የቅጂ መብት ምዝገባ ወረቀትም እንዲሁ የሥዕሉን እውነተኛነት አያሳይም። ክፍያው በባንክ ይሁን፣ ወደ ሻጩ ስም ሒሳብ፤ ምክንያቱ ላይ «የሥዕል ሽያጭ» ተብሎ ይጻፍ። ጥሬ ብር የሚጠይቅ ሻጭ ግብርን ከመሸሽ ያለፈ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ጋለሪ ከሆነ የንግድ ፈቃድና ቲን ያለበት ደረሰኝ ይውሰዱ።

ከሟች ሠዓሊ ሥራ ውጭ ሥዕል መውደድዎን ብቻ ለማርካት ከሆነ፣ በሕይወት ካለ ሠዓሊ በቀጥታ ከስቱዲዮው መግዛት ከዚህ ሁሉ ጣጣ ያድናል። ሠዓሊው ጀርባው ላይ ርዕስ፣ ዓመት፣ መጠን ጽፎ እንዲፈርም ያድርጉ፣ ከሥዕሉ ጋር አብሮ ፎቶ ይነሳ፣ ደረሰኝ ይስጥ። ያ ፎቶ ከ20 ዓመት በኋላ ልጅዎ ሥዕሉን ሲሸጥ ከማንኛውም ምስክር ወረቀት ይበልጣል።

ወደ ሁለተኛው ዕቃ ልመለስ። «ከገዳም የወጣ» የሚለው ቃል እውነት ከሆነ የቤተ ክርስቲያን ንብረት ተሰርቋል፤ ሐሰት ከሆነ ሥዕሉ ሐሰተኛ ነው። ሁለቱም መንገድ «አልገዛም» ይላል። ቅርስ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ይጠበቃል፤ ቅርስ መስረቅና በሕገ ወጥ መንገድ ከአገር ማውጣት ከባድ እስራት ያስከትላል። ደላላው ዕቃውን ካሳየዎት ፎቶውንና የተባለውን ታሪክ ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንና ለፖሊስ ያሳውቁ።

ለእውቀት ያህል ግን፣ ይህ ሥዕል «የ15ኛው ክፍለ ዘመን» የመሆኑን ነገር በፎቶው ብቻ መጠርጠር የሚቻልበት መንገድ አለ። እመቤታችን ሕፃኑን በግራ ክንዷ ይዛ፣ እጆቿን አንዱን በሌላው ላይ አጣምራ፣ ቀኝ እጇ ሁለት ጣት ዘርግቶ፣ መሐረብ ይዛ፣ ሕፃኑም መጽሐፍ ይዞ ከሆነ ይህ በሮም ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ያለው ሥዕል ቅርጽ ነው። ወደ አገራችን የገባው ኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን ባመጡት ቅጂ፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ17ኛው መጀመሪያ ገደማ ነው። ስለዚህ በዚህ አቋም ላይ ያለ ሥዕል በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ሊሠራ አይችልም። ፊቶቹ በጥላ የተለሰለሱ፣ ልብሱ በአበባ ጥልፍ የተሞላ ከሆነ ደግሞ ወደ 18ኛው ክፍለ ዘመን የጎንደር ሥልት ይጠጋል። የነባሩ ሥዕል ሰሌዳ ብዙ ጊዜ ዋንዛ ነው፤ በእጅ መሣሪያ የተጠረበ ጀርባው ያልተስተካከለ ሲሆን፣ የኤሌክትሪክ ክብ መጋዝ ግን ቅስት ቅስት የሆነ መስመር ይተዋል። በጥቀርሻ ያረጀ ሐሰተኛ ሥዕል ጥቁረቱ ሁሉም ቦታ እኩል ነው፣ በእርጥብ ጥጥ ሲነካ ይለቃል፣ ይሸታል። የዕጣን ጥቀርሻ ግን ከላይ ይበዛል፣ ሰው የሚይዝበት ጠርዝ ይፈካል። የነቀዝ ቀዳዳም ይዩ፦ ቀለሙ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ከሆነ እንጨቱ ከተበላ በኋላ ነው ሥዕሉ የተሣለበት። ብራና ላይ የተሠራ «ጥንታዊ» ሥዕል ከቀረበልዎም ወደ ብርሃን ያንሡት፤ ከምስሉ ሥር የጽሑፍ መስመር ወይም በወስፌ የተወጋ የማስመሪያ ቀዳዳ ካለ፣ ከእውነተኛ ዳዊት የተቀደደ ገጽ ላይ አዲስ ሥዕል ተደርቦበታል። ይህ ከሁሉ የሚያሳዝነው ነው፤ ሐሰተኛ ሥዕል ለመሥራት እውነተኛ መጽሐፍ ይታረዳል።

የመጨረሻው ጥያቄዎ ወደ ዋሽንግተን ስለ መላክ ነው። አዲስ የተሠራ ሥዕልም ቢሆን ሳያሽጉት በፊት አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም አጠገብ ወዳለው ቅርስ ባለሥልጣን ይሂዱ። ሥዕሉን ራሱን ወይም ፎቶውን፣ መጠኑን፣ የተገዛበትን ደረሰኝና መታወቂያ ይዘው ይጠይቁ፤ ቅርስ አለመሆኑን የሚገልጽ ወረቀት ይሰጥዎታል፣ ይህ ወረቀት ቦሌ ጉምሩክ ላይ ይጠየቃል። ለበረራው ዋዜማ አይተዉት። የሟች ታላቅ ሠዓሊ ሥራ ከሆነ ፈቃዱ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ ከመግዛትዎ በፊት ይጠይቁ፣ ምክንያቱም ገዝተው መውጣት ካልቻለ እህትዎ ግድግዳ ላይ አይሰቀልም።

ሸራው ከእንጨቱ ወርዶ የሚጠቀለል ከሆነ ቀለሙ ወደ ውጭ ይሁን። ወደ ውስጥ ከተጠቀለለ ቀለሙ ይጨመቅና ይነሳል። የውኃ ቧንቧ ለመጠቅለያ ያገለግላል፤ 110 ሚሊ ሜትሩ ጠባብ ስለሆነ 160 ወይም 200 ሚሊ ሜትር ይግዙ። ቀለሙ ላይ ለስላሳ የማይጣበቅ ወረቀት ያድርጉ፤ ጋዜጣም ሆነ አረፋ ፕላስቲክ በቀጥታ አይንካው፣ በሙቀት ቅርጹን በቀለሙ ላይ ያትማል። ቀለሙ በጣም ወፍራም ከሆነ ጨርሶ አይጠቅልሉት፤ በጠፍጣፋ የእንጨት ሳጥን ይሂድ።